ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፦ ወክ፣ ጂኦካሺንግና ጠጅ ቤት በአንድ ቀን ይሆናል?

የአዳማ_ልጅ

ሰላም የሀዋሳ ሰዎች። የአክስቴ ልጅ ከጀርመን እየመጣ ነው፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ደግሞ ከአዳማ ተነስተን ሀዋሳ ላይ እንገናኛለን። አርብ ማታ ገብተን እሁድ ከሰዓት እንወጣለን፣ ስለዚህ ቅዳሜ ሙሉ ቀን የኛ ነው። ልጁ ሪዞርት ውስጥ ተጋድሞ መዋል አይሆንለትም። በእግር መሄድ ይወዳል፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ጂኦካሺንግ የሚባል ነገር ለክፎታል። ለማታውቁት፣ አንዱ የሆነ ቦታ ትንሽ ዕቃ ይደብቅና የጂፒኤስ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ይለቃል፣ ሌላው ስልኩን ይዞ ይፈልጋል፣ ሲያገኘው ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እዚያው መልሶ ይደብቀዋል። በቃ። ብር የለው፣ ሽልማት የለው።

እዚያ ቅዳሜ ሲሆን ወንዝ ዳር ዳሩን እየሄዱ፣ ሣጥን እየፈለጉ፣ መሀል መሀል ላይ የድሮ ቢራ ቤት ጎራ እያሉ ይውላሉ አሉ። ያንኑ ሀዋሳ ላይ እንሞክረው፣ ቢራ ቤቱን ጠጅ ቤት እናድርገው ብሎ ችክ አለ። እኔም ሐሳቡ ደስ ብሎኛል።

ጥያቄዬ፦ ሐይቁን ይዞ በእግር የሚኬድ መንገድ አለ ወይስ በየመሀሉ የሪዞርት አጥር ነው? ሀዋሳ ላይ ይሄን ጨዋታ የሞከረ አለ? ስልክ ይዞ ድንጋይ ሥር የሚያጎነብስ ሰው ጥበቃ አያስቆመውም? ጠጅ ቤት ስል ደግሞ የእውነቱን ነው፣ መድረክና ጭፈራ ያለበትን የባህል ምሽት አዳራሽ አይደለም። ከመሀላችን አንዷ አልኮል አትጠጣም፣ እሷም ደብሯት እንዳትውል።

ባጃጅ_በቃኝ

ይሆናል እንጂ! ከተማው ሜዳ ነው፣ ታቦርን ካልወጣችሁ በስተቀር ዳገት የሚባል አይገጥማችሁም።

ሰው ሁሉ የሚሄደው ከገብርኤል ተነስቶ ነው። ሰፊው መንገድ ቀጥ ብሎ ይወርድና ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ላይ ያወጣችኋል፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ ግድቡን ይዞ ወደ አሞራ ገደል። ግድቡ ሐይቁ ሲሞላ ወደ ከተማው እንዳይገባ የተሠራ ነው፣ ላዩ ላይ መሄጃ አለ። አጥር ይገጥማችኋል፣ አልዋሽህም። ሪዞርቶቹ ዳሩን በያዙበት ቦታ ወደ አስፋልቱ ወጥታችሁ፣ ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። ይሄ የሚያበሳጭ ነገር ነው፣ ሐይቁ የሁላችንም ሆኖ ሳለ ለማየት ቡና መግዛት ያለብህ ቦታ እየበዛ ነው፣ ግን እሱን ሌላ ጊዜ።

የኔ ምክር ገልብጡት ነው። በባጃጅ ጠዋት 1 ሰዓት አሞራ ገደል ግቡ (ስሜን አትዩ፣ ለዚህ ይፈቀዳል)፣ ከዚያ በእግር ወደ ፍቅር ሐይቅ ተመለሱ። ምክንያቱም አሞራ ገደል የጠዋት ቦታ ነው። ጀልባዎቹ ሌሊት የተጣለውን መረብ ይዘው ሲመጡ ልጆቹ ዳር ላይ ተቀምጠው ቆሮሶ ይበልታሉ። ቢላዋው አንዴ ከጭንቅላቱ ሥር፣ አንዴ በአከርካሪው ላይ ይሄዳል፣ ሥጋው ወደ ሳህኑ ቆዳው ወደ ኋላ፣ አንጀቱ መሬት ሳይነካ አባ ኮዳው ቀልቦታል። አባ ኮዳን በቅርብ ላላየው እንግዳ ይሄ ብቻውን ይበቃል፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚቆም መላጣ አሞራ አጠገብህ ቆሞ የምትበላውን ሲያይህ ቀልድ አይደለም።

ቁርስ እዚያው የአሳ ሾርባና ጥብስ። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ አሉ፣ እኔም እበላለሁ፣ ለእንግዳ ግን አልመክርም፣ ጥሬ አሳ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፣ የልጁን ሳምንት ማበላሸት ነው። ፀሐይዋ የምትጠልቀው ከሐይቁ ማዶ ስለሆነ ማታ 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ተገኙ። ጠጁ ከዚያ በኋላ።

ሣጥን_ፈላጊ

እጫወታለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

መጀመሪያ ተስፋ እንዳትቆርጡ፦ እኛ አገር የተደበቀው ዕቃ እንደ ጀርመን በየመንገዱ አይደለም። እዚያ አንድ መናፈሻ ውስጥ ብቻ ስንት ታገኛለህ፣ እዚህ አንዱን ፍለጋ ከተማ ልታቋርጥ ትችላለህ። ከመምጣታችሁ በፊት የጂኦካሺንግ አፑን ከፍታችሁ የሀዋሳን ካርታ እዩ፣ ቦታው መኖሩን ብቻ ሳይሆን መጨረሻ የተገኘው መቼ እንደሆነ እዩ። የመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ሰዎች «አጣሁት» ብለው ከጻፉ ዕቃው የለም ማለት ነው፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ። ካርታውን ደግሞ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ያዙት፣ ዳታ በፈለጋችሁት ሰዓት ላይኖር ይችላል።

ጨዋታው እንዴት እንደተጀመረ ለጓደኞችህ ንገራቸው፣ ያኔ ይገባቸዋል። አሜሪካ ለሲቪል የሚደርሰውን የጂፒኤስ ሲግናል ሆን ብላ ታዛባው ነበር፣ ቦታህን እስከ 100 ሜትር ሊስት ይችል ነበር። በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 2000 ማዛባቱን አቆመችው። በማግስቱ፣ በኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ማለት ነው፣ ዴቭ አልመር የሚባል ሰውዬ ኦሪገን ውስጥ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን ለቀቀ። አሁን ገላጣ ቦታ ላይ ስልክህ ወደ 5 ሜትር ድረስ ያስጠጋሃል። ዋርካ ሥር ስትገባ ግን ቀስቱ ከናንተ ቀድሞ ይሰክራል፣ አሞራ ገደል አካባቢ ደግሞ ዋርካው ብዙ ነው። እዚያ ስልኩን አስቀምጣችሁ «እኔ ብሆን የት እደብቅ ነበር» ብላችሁ ማሰብ ይሻላል።

ራሳችን እንደብቅ ካላችሁ ደንብ አለው። መሬት መቆፈር ክልክል ነው። የቦታው ባለቤት መፍቀድ አለበት። በሁለት ዕቃዎች መሀል ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። ምግብ አይቀመጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል፣ ለሁለት ቀን መጥቶ ደብቆ ወደ ጀርመን የሚመለስን ሰው አይቀበሉም። ጠጅ ቤት ውስጥ ደብቀን ሰው እንላክ የሚለውም አያልፍም፣ ገብተህ ግዛ የሚል ነገር ማስታወቂያ ተብሎ ይመለሳል።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዕቃ የሌለው ዓይነት ነው፣ ኧርዝካሽ ይባላል። ቦታው ድረስ ሄደህ ስለ መሬቱ የተጠየቅኸውን አይተህ ትመልሳለህ፣ የሚደበቅም የሚሰረቅም የለም። ለሀዋሳ እንደዚህ የሚስማማ የለም! ሐይቁን አስቡት። ጥቁር ውኃ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። እንዲህ ዓይነቱ ሐይቅ ጨዋማ መሆን ነበረበት፣ ሻላንና አቢያታን እዩ። የሀዋሳው ግን ጨው አይደለም፣ ቆሮሶና አምባዛ ይኖሩበታል። ምክንያቱ ውኃው ከሥር በመሬት ስንጥቅ እየሰረገ ስለሚሄድ ነው ይላሉ። ሐይቁ የተኛበት ጎድጓዳ ራሱ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የሰመጠ መሬት ነው፣ ኮርቤቲ የሚባለው እሳተ ገሞራም የዚያው ቤተሰብ ነው። እንግዳው ይሄን ግድቡ ላይ ቆሞ ሲሰማው ሐይቁን የሚያይበት ዓይን ይቀየራል።

ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ለራሳችሁ ብቻ ጨዋታ ሥሩ። የትም አይለጠፍ፣ ማንንም አታስፈቅዱ፣ ምክንያቱም የምትደብቁት ነገር የለም። አንዳችሁ ቀድማችሁ መንገዱን ሄዳችሁ አምስት ስድስት ነጥብ ያዙ፣ በየነጥቡ ጥያቄ ይኑር፣ መልሱ የሚቀጥለውን ቁጥር ይስጥ። የጀልባ መቀመጫ ስንት ነው፣ የዛፉ ግንድ ላይ የተቀባው ቀለም ምንድን ነው፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። የመጨረሻው ነጥብ ጠጅ ቤቱ በር ላይ ያውጣቸው። ቁጥሩን ስትጽፉ ብቻ ተጠንቀቁ። ሀዋሳ በግምት ሰሜን 7 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ፣ ምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ነው። ከደቂቃው ነጥብ በኋላ ሦስተኛው አኃዝ በአንድ ቢሳሳት ሁለት ሜትር ገደማ ነው፣ የመጀመሪያው በአንድ ቢሳሳት ግን ወደ 185 ሜትር። ጓደኞችህን ሐይቁ መሀል ልትልካቸው ትችላለህ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ጦጣ። አንዴ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ከነክዳኑ ለማሳየት ብዬ አጥር ላይ አስቀመጥኩ፣ ዘወር ከማለቴ አንዷ ወስዳ ዛፍ ላይ ወጣች። ክዳኑን በጥርሷ ከፈተችው። እርሳሱን ቀምሳ ጣለችው፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ ቀደደችው፣ ዕቃውን ግን አልሰጠችንም፣ ቁልቁል እያየችን አቅፋው ቁጭ። ፈረንጁ ጓደኛዬ ይሄንን «ተገኝቷል» ብለን እንመዝግበው ወይ አለኝ።

ጋሽ_ብርሌ

ልጆች፣ ስለ ሣጥኑ አላውቅም፣ ስለ ጠጁ ግን ልናገር።

ጠጅ ቤት እየቆጠሩ አይዞርም። ፈረንጅ አንዱ ቤት አንድ፣ ሌላው ቤት አንድ እያለ ይሄድ ይሆናል፣ የሱ ቢራ ነው። ጠላም ቢሆን ከቢራ ብዙ አይርቅም። ጠጅ ግን ጉልበቱ የወይን ጠጅ ነው፣ የሚጣፍጠው እያታለለህ ነው። በፀሐይ ስትሄድ ውለህ፣ ሆድህ ባዶ ሆኖ፣ ሁለተኛውን ብርሌ ስትጨርስ ምንም አልሆንኩም ትላለህ። ስትነሣ ነው የሚነግርህ። አንድ ቤት ምረጡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ተጫወቱ። ወጉ እሱ ነው።

ቤቱን እንዴት እንመርጣለን ካላችሁ፣ ሐይቁ ዳር አትፈልጉ። ዳሩ ላይ ሆቴል ነው ያለው። ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰፈር ግቡና ባጃጅ ነጂውን «አንተ የምትጠጣበት የት ነው» በሉት። ጥሩ ጠጅ ቤት አያስጌጥም። አግዳሚ ወንበር፣ መደርደሪያ ላይ የተደረደረ ብርሌ፣ ከኋላ ጥብስ የሚጠብሱ እናት። ደግሞ ግቢው ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ካሉ ተቀመጡ፣ ሽማግሌ በስኳር ጠጅ ራሱን አያሳምምም።

የማር ጠጅና የስኳር ጠጅ ልዩነቱ ጠዋት ነው የሚታወቀው፣ ግን ቀድሞም ምልክት አለው። በጣም ደማቅ ቢጫ ከሆነ ጠርጥር፣ ቀለም ሊሆን ይችላል። የማሩ ደፍረስ ይላል፣ ሽታው ከአፍህ በፊት አፍንጫህ ጋ ይደርሳል፣ ጌሾው በስተመጨረሻ ምላስህ ጎን ላይ መረር ይላል። ለእንግዳው መጀመሪያ ለስላሳውን አስቀምሱት፣ ደረቁን ከወደደ ይቀጥላል። ብርሌውን አንገቱን በጣቱ እንዴት እንደሚይዝ አሳዩት፣ እንደ ጠርሙስ ጨብጦ አይያዝም።

እና ማታ አትሂዱ። ባጃጅ በቃኝ ያለው ላይ አልስማማም። ጠጅ ቤት የቀን ቤት ነው፣ በምሽት ጥሩው አልቆ ቅሪቱ ላይ ትደርሳላችሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ምርጥ ነው።

ባጃጅ_በቃኝ

ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን 8 ሰዓት ጠጅ ቤት የገባ ልጅ 12 ሰዓት ፍቅር ሐይቅ አይደርስም። እኔ ጓደኞቼን አውቃለሁ።

ጋሽ_ብርሌ

ጓደኛ መምረጥ ነው እንግዲህ።

ሄሉ_ታቦር

😂 ጋሼ ገደሉት።

ስለማትጠጣው ልጅ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልመልስ፣ እኔም አልጠጣም። ብርዝ ጠይቂ በሏት። ማርና ውኃ ነው፣ ሳይፈላ ነው የሚቀርበው፣ በዚያው ብርሌ ይሰጧታል፣ ለብቻዋ የለስላሳ ጠርሙስ ይዛ አትቀመጥም። ብቻ «ዛሬ የተበረዘ ነው?» ብላ ትጠይቅ፣ ካደረ መፍላት ይጀምራል።

ጠጅ ቤት ሴት መግባቷ ያን ያህል አይደለም፣ ከናንተ ጋር እስከሆነች ማንም ምንም አይላትም፣ አንዳንዱ ቤት ግን ወንድ ብቻ ሞልቶ ትኩር የሚል አለ። እኔ ጠላ ቤት ይሻለኛል። ብዙውን ጊዜ ባለቤቷ እናት ናት፣ ግቢዋ ነው፣ ልጆች ይሮጣሉ፣ ቆሎ ይመጣል። በር ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ካያችሁ ጠላ አለ ማለት ነው። ስትገቡ «እንደምን ዋላችሁ እናቴ» በሉ፣ ያኔ ጥሩው ጋን ይከፈትላችኋል፣ ካልሆነ ቅራሪ ልትጠጡ ትችላላችሁ።

ደግሞ ደቡብ ድረስ መጥታችሁ ቦርዴ ሳትቀምሱ እንዳትሄዱ። ወፍራም ነው፣ ይፈላል፣ ይጎመዝዛል፣ ሰው ምሳውን በሱ የሚያሳልፍበት ነው። አልኮሉ ቀላል ነው ግን አለው፣ ስለዚህ ጓደኛችሁ ትወቀው። የዕለቱን ጠጡ፣ ቦርዴ አያድርም። አረቄ ላይ ግን እጃችሁን አትዘርጉ፣ አረቄ ከመጣ ወክም ሣጥንም አለቀ።

ጥበቃ የተባለውን በተመለከተ፣ አዎ ያስቆሟችኋል። እኛን አንድ ቦታ ላይ (ስሙ ይቅር) ስልክ ይዘን አጥሩን ስለዞርን ብቻ ግማሽ ሰዓት አቁመውናል፣ ፎቶውን አሳዩ፣ መታወቂያ አምጡ፣ አለቃ ይምጣ። ዘዴው ቀድሞ ሰላም ማለት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ «ጋሼ፣ እንግዳ ይዘን ነው፣ በስልክ የሚጫወቱት የፍለጋ ጨዋታ ነው» በሉ። አሥሩን ደቂቃ ያስረዳችሁት ጥበቃ በኋላ አብሯችሁ ነው የሚፈልገው፣ አጋጥሞኛል። የመንግሥት ቢሮና ካምፕ ያለበት ጋ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ግቢ ውስጥ ግን ነጥብ አታድርጉ። መታወቂያ ያዙ፣ እንግዳው ፓስፖርቱን ወይም ኮፒውን ይያዝ።

የአዳማ_ልጅ

ኧረ ተባረኩ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም።

እንግዲህ እንዲህ አሰብኩ፦ ጠዋት አሞራ ገደል፣ አሳና አባ ኮዳ። ከዚያ የራሳችንን ጨዋታ እየተጫወትን በግድቡ ወደ ፍቅር ሐይቅ። አፑ ላይ ሀዋሳ ውስጥ አለ የሚባል ነገር ካለ እሱን በመንገዳችን። 7 ሰዓት ላይ በደንብ ምሳ፣ 8 ሰዓት ጋሽ ብርሌ ባሉት መሠረት አንድ ጠጅ ቤት፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ብርሌ፣ ከዚያ በላይ የጠየቀ የራት ሒሳብ ይከፍላል። 11 ሰዓት ተነስተን ወደ ሐይቁ። ጠላና ቦርዴ እሁድ ጠዋት፣ ከመንገድ በፊት ለቀመሳ ያህል፣ የምነዳው እኔ ስለሆንኩ እኔ የለሁበትም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ቅዳሜ መሆኑ ችግር አለው? ደግሞ ልጁ ዋና ይወዳል፣ ሐይቁ ይዋኛል?

ሄሉ_ታቦር

ቅዳሜ ገበያም ሰርግም የሚበዛበት ቀን ነው፣ ዳሩ በፎቶ አንሺና በሙሽራ ይሞላል። ከ5 ሰዓት በፊት ብዙውን ነጥብ ጨርሱ። ሙሽሮች መሀል ገብታችሁ ዛፍ ሥር ስትፈልጉ ቪዲዮው ላይ ለዘላለም ትቀራላችሁ።

ጾም ላይ ከሆነ የምትመጡት ደግሞ ጠጅ ቤቱ ጥብሱን ላይሠራ ይችላል፣ በአንጻሩ አሞራ ገደል ይጨናነቃል፣ አሳ በጾም የሚበላው ሰው ብዙ ነው።

ሣጥን_ፈላጊ

ዋናው ይቅር። ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ እግራችሁንም አትንከሩ። ጉማሬም አለበት፣ ሲመሽ ወደ ዳር ወጥቶ ይግጣል፣ ስለዚህ የመጨረሻዋን ነጥብ ሸምበቆ አጠገብ አታድርጓት፣ በተለይ ከጠጅ በኋላ ከሆነ። መዋኘት ካማረው የሪዞርት ገንዳ ይከፈልለት። ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ትንኝ አለ፣ ወባም አለ።

ስልክ ቻርጅ! ጂፒኤስ ባትሪ ይበላል፣ ፓወር ባንክ ሳትይዙ እንዳትወጡ።

የአዳማ_ልጅ

እሺ፣ በጀልባስ? ጉማሬውን ከሩቅ ቢያይ ደስ ይለዋል።

ባጃጅ_በቃኝ

ከአሞራ ገደልም ከፍቅር ሐይቅም ጀልባ አለ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሣል፣ ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋውን ሳትነጋገሩ እግራችሁን እንዳታስገቡ፣ ለሰው ነው ለጀልባ፣ ለስንት ደቂቃ፣ እስከ ጉማሬው ነው ወይስ ዞሮ መመለስ፣ ሁሉንም ከመነሣታችሁ በፊት። ድርድሩን አንተ ያዘው፣ የአክስትህ ልጅ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቁም። ላይፍ ጃኬት ከሌለው ሌላ ጀልባ።

ጋሽ_ብርሌ

ከ7 ሰዓቱ ምሳ ላይ ቅቤ ያለበት ነገር ጨምሩ። ቡርሳሜ፣ የሲዳማውን በቅቤ የሚሠራ የቆጮ ምግብ ማለቴ ነው፣ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ።